«የቤት እመቤት ነበሩ»

እስኪ በቅርቡ የተገኙበትን ቀብር ያስታውሱ። ፍትሐቱ አልቋል፤ ሕዝቡ መቃብሩን ከቦ ቆሟል፤ ከዘመዶቹ አንዱ ወይም የእድሩ ጸሐፊ ወረቀት ዘርግቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። እርስዎ ምናልባት ከፀሐይ ሸሽተው ዛፍ ሥር ነበሩ፤ ምናልባትም ከብዙ ዓመት በኋላ ካገኙት የድሮ ጎረቤት ጋር በሹክሹክታ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ከተነበበው ውስጥ ዛሬ ምን ያስታውሳሉ?

አይሳቀቁ፤ ብዙ ሰው አያስታውስም። የሚነበበው ሁሉ ስለሚመሳሰል ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በዚህ ጠቅላይ ግዛት፣ በዚህ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ። በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ። ትዳር መሥርተው የዚህን ያህል ልጆች አፈሩ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ስሙን ቢለውጡት ለአጎትዎም፣ ለጎረቤትዎም፣ የግቢውን በር ከፍቶ አንድ ቀን እንኳ «ግቡ» ላላለው ሰውዬም ይሆናል። እሱም «እንግዳ ተቀባይ» ተብሎ ነው የሚቀበረው።

በሰፈራችን፣ ቂርቆስ አካባቢ፣ ይህን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አማርኛ አስተምር ስለነበር አንድ ሌሊት ጎረቤት ሲሞት «አንቺ መምህርት አይደለሽ? ይህችን ነገር ጻፊልን» ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ሴቶቹ ጓዳ ይገባሉ፣ እኔ ወረቀቱን አዘጋጃለሁ።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚጻፍ ቢያዩ ለምን እንደሚመሳሰል ይገባዎታል። ሰው ማታ ያርፋል፤ ቀብሩ በማግስቱ 9 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ስልክ ይደወላል፣ ክፍለ ሀገር ያለ ዘመድ ይነገረዋል፣ ውጭ አገር ያለው እንዴት ይርዳ እየተባለ ይመከራል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከልጆቹ አንዱን ይዤ ጓዳ እቀመጣለሁ። ዓይኑ አብጧል። «አባትህ መቼ ነው የተወለዱት?» እለዋለሁ። መታወቂያ ይፈለጋል። የጡረታ ደብተር ከመሳቢያ ይወጣል። ከሥራ የተሰጠ የምስጋና ወረቀት ከግድግዳ ይወርዳል። እንግዲህ የአንድ ሰው ሕይወት በዚያች ሌሊት የሚጻፈው መሳቢያ ውስጥ ከተገኘ ወረቀት ነው። መሳቢያ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ በተለይም አብዛኛዋ ሴት፣ ሕይወት ያልነበረው ይመስላል።

«የቤት እመቤት ነበሩ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ይህንኑ እንድጽፍ ነገረኝ። «ሥራ አልነበራትም፣ የቤት እመቤት በይ» አለኝ። እጄ እምቢ አለ። እኚህ ሴት ከ30 ዓመት በላይ የእድራችን የዕቃ ቤትና የወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ስንት ብረት ድስት፣ ስንት ትሪ፣ ስንት ደርዘን ብርጭቆ እንዳለን በቃላቸው ያውቃሉ፤ ከለቅሶ ቤት አንዲት ጭልፋ ሳትመለስ ብትቀር ሦስት ቀን ዕረፍት የላቸውም። ለ200 ለቀስተኛ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚላጥ፣ ለንፍሮው ስንት ስንዴና ስንት ሽምብራ እንደሚቀቀል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሐዘን በደረሰበት ቤት እንጀራ እንደሌለ ካወቁ ለማንም ሳይናገሩ ከየቤቱ አምስት አምስት አሰብስበው በጓሮ በር ያስገቡ ነበር፤ ባለቤቶቹ እንኳ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ከሠልስት በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት እናቶች አንዷ ስለነበሩ የዕቃውን ደብተር ራሳቸው ይይዙታል፤ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ፣ ትልቅ አድርገው፣ ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ልጅ።

ታዲያ በለቅሷቸው ዕለት ምን ሆነ መሰልዎት? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው መጥቷል፤ ድስቱም ትሪውም ተቆልፎበታል። ቤቱ ተገለባበጠ። በመጨረሻ ቁልፉን ያገኙት ሊገንዟቸው የገቡት ሴቶች ናቸው፤ አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር፣ በአንድ ክር ታስሮ ነበር።

ይህን ጻፍኩት። ልጃቸው ቅር እያለውም ቢሆን ፈቀደ። መቃብሩ አጠገብ ሲነበብ መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ፤ ከኋላ ቆመው ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ጸጥ አሉ። እስከ ዛሬ በሰፈራችን ቁልፍ የጠፋበት ሰው «ማተቤን ልይ እስኪ» ይላል።

እንዲህ ያለ ነገር በየሰው ላይ አለ። የልብስ ሰፊያችንን ወረቀት ስጽፍ ያነሣሁት ሲንጀራቸውን አይደለም፤ የተማሪ ሱሪ ሲሰፉ ከታች አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ማጠፋቸውን ነው። ልጁ በዓመቱ ሲረዝም እናቲቱ ይዛው ትመጣለች፣ እሳቸው እጥፋቱን በነፃ ይፈቱታል። በዚያ ዘመን የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ሱሪያቸው ላይ ያለፈው ዓመት መስመር ነበረባቸው። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑት እነዚያ ልጆች ይህን ሲሰሙ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን አዩ።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊም ነበሩ። ገና ሳይነጋ ጡሩምባቸውን ነፍተው ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ እየጮሁ ይናገራሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ድምፃቸውን ስሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር። ለካ ሰውዬው የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ሕፃን የሞተ እንደሆነ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ አይነፉም፤ አልፈው ይሄዱና በርቀት ይናገራሉ። የታመመ ሰው ያለበትንም ቤት እንዲሁ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ በየቤቱ ማን እንደታመመና ማን እንዳረገዘች ማታ ማታ ለባላቸው የሚነግሩት እሳቸው ነበሩና። አሁን ጡሩምባው ቀርቶ መልእክቱ በቴሌግራም ይመጣል፤ ነፍሰ ጡሯም ሕመምተኛውም እኩል ያነቡታል።

ነገሩን ወደ ኋላ ስናየው የወረቀቱ ልማድ ብዙም የቆየ አይደለም። በየገጠሩ፣ በብዙ ከተማም ቢሆን፣ የሟችን ታሪክ የሚናገሩት አልቃሾች ነበሩ። ጎበዝ አልቃሽ ዝም ብላ አታለቅስም፤ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ከቤተሰቡ ታጣራለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተካሶ ነበር? በሬው ማን ይባላል? የመጨረሻ ልጁ ስንት ዓመቷ ነው? ከዚያ በኋላ ግጥሟን ስታወርድ የምትጠራው ያንን በሬ፣ ያችን ሕፃን ነው፤ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከልክ ያለፈ ለቅሶን አትወድም፣ ከተሜውም «ኋላ ቀር ነው» ብሎ ተወው። ደረት መድቃቱና ፊት መንጨቱ ቢቀር እኔም አላዝንም። ግን ከአልቃሿ ጋር ጥያቄዋም አብሮ ሄደ፤ በምትኩ የመጣው ወረቀት የትውልድ ዘመንና የመሥሪያ ቤት ስም ብቻ የሚጠይቅ ሆነ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቀብሩ ፈጥኖ ስለሚፈጸም ወረቀት የሚነበብበት ጊዜ የለም፤ የሟቹ ነገር የሚወራው ሰው ለተዕዚያ ሲቀመጥ ነው። አንዳንዴ ሳየው የእነሱ ይሻላል እላለሁ፤ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው የበለጠ ያወራል።

መንግሥትስ ቢሆን መቼ መዘገበን? የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማችን የመቃብር ቦታዎች የሚፈጸመውን ቀብር ማስመዝገብ ጀምረው ነበር። የፈለጉት ኤድስ ስንት ሰው እየወሰደ እንደሆነ ማወቅ ነበር። መዝጋቢዎቹ የሟቹን ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ ይጠይቃሉ፤ ዘመድ የሚያውቀውንም የሞት ምክንያት ይጽፋሉ። ያንን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ያውቃል፤ በየወረቀቱ የሚነበበው «ባደረባቸው ሕመም» የምትለው ቃል ስንቱን ወጣት ሸፍናለች! ለሐኪምና ለመንግሥት መዝገቡ ትልቅ ነገር ነው። ሱሪ አጥፎ መስፋት ግን የሚመዘገብበት አምድ የለውም።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ ቤት ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ የኖረች የቤት ሠራተኛ አረፈች። ቤተሰቡ ጥሩ ሰዎች ናቸው። አሳክመዋታል፤ «ቀብሯም ከቤታችን ይወጣል» ብለው ድንኳን ተከሉ፤ እድሩም እንደ አባል ቆጥሮ ወጣላት። ማታ እኔ ተጠራሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁና የመጀመሪያውን መስመር ጠየቅሁ፤ «ከአባቷ ከማን?»

ዝም አሉ።

«ከእናቷስ?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ወሎ መሆኗን ያውቃሉ። ወሎ የት? «ከደሴ ወዲያ ነው መሰለኝ» አሉኝ። በምን ዓመት መጣች? ትልቁ ልጅ ሳይወለድ። ወንድም ነበራት፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ስልኩ የለንም። በዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ፤ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟ ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚያውቅ ጠፋ። 25 ዓመት ሙሉ በቀን 20 ጊዜ የተጠራች ሴት፣ ለነፍሷ የሚጸለይበት ስሟ በዚያ ቤት ውስጥ አይታወቅም።

ያዳነን ትንሹ ልጅ ነው። ትንሹ ስል ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በእሷ ጀርባ ታዝሎ ያደገ ልጅ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆይቶ «የእናቷን ስም አውቃለሁ» አለ። ድስት ሲገነፍልባት፣ ብርጭቆ ሲሰበርባት የምትጠራው የእናቷን ስም ነበር፤ ሌሎቹ የቅድስት ስም ይመስላቸው ነበር። ቀጥሎ የወንዙን ስም ነገረኝ፤ ማታ ማታ ስታስተኛው ተረቱ ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ወንዝ ዳር ነበርና። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ እንደነበር፣ በ77 ድርቅ ሁለት ታናናሾቿን ተራ በተራ አዝላ እስከ መጠለያው እንደሄደች፣ አንደኛው ብቻ እንደተረፈ ያውቃል። በየወሩ በ21 ማርያም የምትሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን፣ የንስሐ አባቷንም ያውቃል፤ ልጅ ሆኖ ይዛው ትሄድ ነበር። በሌሊት በመኪና ሄዶ ቄሱን ቀሰቀሳቸው። የክርስትና ስሟን ይዞ የተመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው።

አባትና እናቱ ይህን ሁሉ ሲሰሙ የነበራቸውን ፊት አልረሳውም። ሴትየዋን ይወዷት ነበር። ያልጠየቋት ሁልጊዜ እዚያው ስለነበረች ነው።

ስጽፍ ደግሞ አንድ ነገር ብዕሬን ያዘው። ዕድሜ ልኳን «አንቺ» የተባለች ሴት ወረቀቱ ላይ «እርሳቸው» ልትሆን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። «ወይዘሮ» ብዬ ጀመርኩ። ልጁ አየና «እንደሱ ከሆነ እሷን አትመስልም» አለኝ። እናቱ ግን «ተዪው፣ እንደሱ ይሁን፣ ቢያንስ ዛሬ» አሉ። እንደ እናቱ ሆነ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

ይህን የማወራዎት በቤትዎ እንጀራ የምትጋግረውን፣ ልጅዎን ከትምህርት ቤት የምታመጣውን፣ በር ላይ ያለውን ጥበቃ እንዲያስቡ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀት ቢሰጥዎ የመጀመሪያውን መስመር ይሞሉታል?

ወረቀቱ የሚደብቀውም ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አርፈው ስጽፍ ባለቤታቸው «የአምስት ልጆች አባት» አሉ። የሟቹ ወንድም በር ላይ ጠብቆ «ስድስት ነው፤ ልጁም ነገ ይመጣል» አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር «ልጆችንና የልጅ ልጆችን አይተዋል» ብሎ ቁጥር ሳይጠሩ የሚያልፉት አሉ፤ ብልሃት ነው፣ ብዙ ጠብም አስቀርቷል። እኔ ግን መቃብር አጠገብ ቆሞ የአባቱ ታሪክ ሲነበብ ራሱን የማያገኝ ልጅ ታየኝ። ተመልሼ ጓዳ ገባሁና ሴትየዋን ለብቻቸው አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ነገ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ስንት ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከሰሉን ቆሰቆሱ። ከዚያ ሳያዩኝ «ስድስት በይ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በማግስቱ ሲነበብ «ስድስት» የምትለዋን ቃል የሰማ ሁሉ አንገቱን አላዞረም፤ እንዳያዞርም ሴትየዋ ቀና ብለው ቆመው ነበር። በሠልስቱ ዕለት ልጁ ከአምስቱ ጋር እኩል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያጽናናው አየሁ።

እንግዲህ መሞት ሳይመጣ መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ «እማዬ፣ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» ካሉ እናትዎ «ምን ሰማህ? ሐኪሙ ምን አለህ?» ይላሉ። የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። ስለ ልደት ቀን አልጠይቅም፤ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገቡበትን ቀን እጠይቃለሁ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ያንን ቀን አይረሳም። በምን መጡ? ምን ለብሰው ነበር? የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደሩ? ማን ጋ ደባል ሆኑ? የኪራዩስ ዋጋ? ከዚያ ወዲያ ማቆም ነው የሚያቅትዎት።

ዓመተ ምሕረቱንም ሰዎቹ ያውቁታል፤ በቁጥር አይሁን እንጂ። «ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ያለ ሰው በ1933 ዓ.ም. ሰባት ስምንት ዓመቱ ነው ማለት ነው፤ በ1925 ወይም በ26 አካባቢ ተወልዷል። «በታኅሣሡ ግርግር እርጉዝ ነበርኩ» ካሉ ልጁ የ1953 ዓ.ም. ልጅ ነው። «ጃንሆይ በወረዱ ዓመት» ሲባል ሰው ሁሉ 66 ይላል፤ የወረዱት ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በዚህች ሁለት ቀን በማይሞላ ልዩነት የስንት ሰው ዕድሜ አንድ ዓመት እንደተዛባ! ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 1967፣ ኢሕአዴግ የገባው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ መካከል የማንንም ሕይወት መደርደር ይቻላል።

ልጆችዎ ደግሞ ከእርስዎ የተሻሉ ጠያቂዎች ናቸው። አያት ለልጁ ያልተናገረውን ለልጅ ልጁ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው መቅጃውን ይክፈቱት፤ ቡና እየተፈላ ይሁን። አንዲት ዋሽንግተን ያለች የሰፈራችን ልጅ እናቷ ካረፉ በኋላ ስልኳን ስትፈትሽ ያገኘችው ብቸኛ ድምፅ 11 ሰከንድ ነው፤ «ደውይልኝ፣ በርበሬውን ላክሁልሽ፣ ደርቋል ብለሽ ውኃ እንዳታስነኪው» ይላል። እሱን ነው የምትሰማው።

ይህን የምቸኩልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የሰው ታሪክ ያለው በሰው ዘንድ ነው፤ ሰው ደግሞ እየተበተነ ነው። ፒያሳም፣ ካዛንቺስም ሲፈርሱ አይተናል። ከሰፈራችንም ግማሹ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄዷል። ቤት አግኝተዋል፤ ውኃ ቤት ውስጥ አላቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ አይደቅኑም፤ «የድሮው ይሻላል» የሚል ሰው ጣሪያ አፍስሶበት አያውቅም። ግን ቀድሞ አንድ ሰው ሲሞት ልጅነቱን የሚያውቀው ከማዶ፣ ጉርምስናውን የሚያውቀው ከጀርባ፣ የሥራ ዘመኑን የሚያውቀው ከጠጅ ቤቱ ይመጡልኝ ነበር። በአንድ ሌሊት ጓዳ ውስጥ አራት ሰው እየተከራከረ «የለም፣ እሱ እኮ ከዚያ በፊት ነው» እያለ ወረቀቱን ይሞላልኛል። አሁን በአዲሱ ሰፈር በተቋቋመው እድር ውስጥ ጎረቤት የሚያውቀው የሕንፃውን ቁጥርና «ሰላምተኛ ነበሩ» የሚለውን ነው። ከኮንዶሚኒየም ደውለውልኝ «አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ ጻፊልን» የሚሉኝ ብዙ ሆነዋል።

በዚህ ዓመት ከደወሉልኝ ሰዎች አንዱ ግን በሕይወት ያሉ ናቸው። የቀድሞው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ዛሬም ለገሃርን «ላ ጋር» ነው የሚሉት። ከዘራቸውን ተደግፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጡና «ሌሎቹ ከሞቱ በኋላ ነው የሚያስጽፉሽ፤ እኔ ሳላርመው የሚነበብብኝ ወረቀት አልፈልግም» አሉኝ። ደብተር አወጣሁ። «እንግዲህ ከአባታቸው ከማን ልበል?» ብዬ ስጀምር በከዘራቸው ጠረጴዛውን መቱት።

«እሱን ልጆቼ ያውቁታል። አንቺ ጣቢያዎቹን ጻፊ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት...»

እኔ እየጻፍኩ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየጣቢያው ምን እንደሚሸጥና ማን እንደሚሸጥ፣ የትኛዋ ሴት የዱቤ ደብተር እንደነበራት፣ የትኛው ዘበኛ ባቡሩ ከመምጣቱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ በእግሩ እንደሚያውቅ እየነገሩኝ መተሐራ ደረስን። እዚያ ላይ ዝም አሉ። አሁን በስም የማልጠራትን አንዲት የሻይ ቤት ልጅ አነሡ፤ ፈገግ አሉ፤ «እሷን አትጻፊ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ጻፊያት፤ ባለቤቴ ከሞተች 9 ዓመቷ ነው» አሉ። ጻፍኳት።

ቡናው ሦስተኛ ሆኖ ነበር። ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። ድሬዳዋ ለመድረስ ገና አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደምና ኤረር ይቀሩናል፤ እሱን የሚመጣው እሑድ ይነግሩኛል።